ጦር የሌለው ሥልጣን



የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘጠኝ ዳኞች አሉት። በእነሱ ትእዛዝ የሚዘምት ጦር የለም። በጀታቸውን የሚመድበው ኮንግረስ ነው፤ ውሳኔያቸውን የሚያስፈጽመው በፕሬዚዳንቱ ሥር ያለው አስፈጻሚ አካል ነው። ዳኞቹ ከሚፈርዱባቸው ሁለት አካላት አንደኛው ገንዘቡን፣ ሌላው ጠመንጃውን ይዟል ማለት ነው። እንዲህም ሆኖ እነዚህ ዳኞች ፕሬዚዳንት የያዛቸውን ፋብሪካዎች አስመልሰዋል፤ ፕሬዚዳንት አልሰጥም ያላቸውን የድምፅ ቅጂዎች አስወጥተዋል፤ አንድ እስረኛ በእርሳስ የጻፈውን ማመልከቻ ተቀብለው የአንድ ትልቅ አገር የወንጀል ችሎት የሚሠራበትን መንገድ ለውጠዋል።

ዛሬ የምነግራችሁ ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ነው። ሐሳቤን ገና ከጅምሩ ላስቀምጠው። ሕገ መንግሥት ላይ የተጻፈ መብት ሰው በእጁ የሚይዘው ነገር እንዲሆን ሁለት ነገር ያስፈልጋል። አንደኛ፣ አንድ ሰው የራሱን ጉዳይ ይዞ ችሎት መቆም አለበት። ሁለተኛ፣ የተፈረደበት ባለሥልጣን ፍርዱን መቀበል አለበት። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጣም ይከብዳል። አሜሪካኖችም በአንድ ቀን አልለመዱትም፤ ሲስቱም የሰው ሕይወት አስከፍሏቸዋል። ዘመኑን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ፤ ወደ አገራችን ስመለስ የራሳችንን እጠቀማለሁ።

ነገሩ የሚጀምረው ሳይደርስ በቀረ የሹመት ደብዳቤ ነው። በ1800 በተደረገው ምርጫ ፕሬዚዳንት ጆን አዳምስ በቶማስ ጄፈርሰን ተሸነፉ። በዚያች አገር ሥልጣን ከአንድ ፓርቲ ወደ ተቀናቃኙ ሲተላለፍ የመጀመሪያው ስለነበር ጥርጣሬው ብዙ ነበር። አዳምስ ከመውረዳቸው በፊት የራሳቸውን ወገን በዳኝነት ወንበሮች ላይ ለማስቀመጥ ተጣደፉ። ለዋና ከተማዋና ለአካባቢዋ ብቻ 42 የሰላም ዳኞችን ሾሙ። ሥራው ከፍ ያለ አይደለም፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን አጥቢያ ዳኛ እንል ከነበረው ጋር ይቀራረባል። ሴኔቱ ሹመቱን ያጸደቀው ማርች 3 ቀን 1801፣ የአዳምስ ሥልጣን ሊያበቃ አንድ ሌሊት ሲቀረው ነው። ደብዳቤዎቹ ተፈረሙ፣ ማኅተምም አረፈባቸው፤ የተወሰኑት ግን ሳይታደሉ አደሩ። ማኅተሙን ያሳረፉት የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ጆን ማርሻል ነበሩ። ማርሻል በዚያው ሰሞን የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዋና ዳኛ ሆነው ተሾመው ስለነበር ለጥቂት ሳምንታት ሁለቱን ሥራ ደርበው ይዘው ነበር።

ጄፈርሰን ሥልጣን ሲይዙ የቀሩት ደብዳቤዎች እንዳይሰጡ አዘዙ። ከቀሩባቸው ሰዎች አንዱ ዊልያም ማርበሪ ይባላል። ማርበሪ እንደ እሱ ከቀሩ ሌሎች ሦስት ተሿሚዎች ጋር ሆኖ በዲሴምበር 1801 በቀጥታ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አመለከተ። አቤቱታው አዲሱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጄምስ ማዲሰን ደብዳቤውን እንዲሰጠው ይታዘዝልኝ የሚል ነው። የጄፈርሰን ፓርቲ የያዘው ኮንግረስ ደግሞ ችሎቱ የሚሰየምበትን ጊዜ በሕግ ስለለወጠው ዳኞቹ ከአንድ ዓመት በላይ ሳይሰየሙ ቆዩ። ፍርድ ቤቱ በዚያን ጊዜ የራሱ ሕንጻ እንኳ አልነበረውም። የምክር ቤቱ ሕንጻ ውስጥ አንዲት ክፍል ተሰጥቶት ነበር የሚሠራው፤ ዛሬ በፎቶግራፍ የምናየው ነጭ የዕብነ በረድ ሕንጻው የተከፈተው በ1935 ነው።

ማርሻል ፊት የነበሩት መንገዶች ሁለቱም ገደል ነበሩ። «ደብዳቤው ይሰጠው» ብለው ቢያዝዙ ጄፈርሰን እምቢ ሊሉ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ የፍርድ ቤቱ አቅመ ቢስነት አደባባይ ይወጣል። «አይገባውም» ቢሉ ደግሞ ሕጉ እንደዚያ አይልም፤ ፈርተው ነው ይባላል።

ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1803 የተሰጠው ውሳኔ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ እያነሣ ይሄዳል። ማርበሪ ለሹመቱ መብት አለው ወይ? አለው፤ ደብዳቤው ተፈርሞ ማኅተም ካረፈበት ሹመቱ ተፈጽሟል። መብቱ ሲነካ ሕግ መፍትሔ ይሰጠዋል ወይ? ይሰጠዋል፤ በሕግ ከሚተዳደር መንግሥት የሚጠበቀው ይኸው ነው፤ ሚኒስትርም ቢሆን ከዚህ አያመልጥም። መፍትሔውን የሚሰጠው ይህ ፍርድ ቤት ነው ወይ? እዚህ ላይ ማርሻል ቆም አሉ። ማርበሪ በቀጥታ ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመጣው በ1789 የወጣውን የፍርድ ቤቶች ሕግ አንቀጽ 13 ይዞ ነው። ሕገ መንግሥቱ ግን ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያ ደረጃ የሚታዩ ጉዳዮችን ለይቶ ቆጥሯል፤ የማርበሪ ዓይነት ጉዳይ ከተቆጠሩት ውስጥ የለም። ኮንግረስ በተራ ሕግ ሊጨምርለት አይችልም። ሕግና ሕገ መንግሥት ሲጋጩ ዳኛ የሚከተለው ሕገ መንግሥቱን ነው። ስለዚህ አንቀጽ 13 ዋጋ የለውም፤ ፍርድ ቤቱም ማርበሪን ሊረዳው አይችልም።

ይህን ውሳኔ ባነበብኩት ቁጥር እደነቃለሁ። ፍርድ ቤቱ ኮንግረስ የሰጠውን አንዲት ትንሽ ሥልጣን «አልፈልግም፣ ሕገ ወጥ ናት» ብሎ መለሰ፤ በምትኩ የኮንግረስን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር አስተያይቶ የመሻርን ሥልጣን ያዘ። በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ፍርድ ቤት ሕግ ሊሽር ይችላል የሚል ዓረፍተ ነገር ፈልጋችሁ አታገኙም። ጄፈርሰን በውሳኔው ቢናደዱም እምቢ የሚሉት ትእዛዝ አልነበረም፤ ምክንያቱም ክርክሩን የረቱት እሳቸው ናቸው። አባቶቻችን ያለ ፍርድ ከሄደች ጭብጦዬ በፍርድ የሄደች በቅሎዬ ይላሉ። ማርበሪ ሹመቱን በፍርድ አጣ፤ ዳኛም ሳይሆን ቀረ። ዛሬ ግን በዓለም ዙሪያ ሕግ የሚማር ሰው ሁሉ ስሙን ያውቃል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ደብዳቤዎቹን አሽገው ሳያድሉ የቀሩት ራሳቸው ማርሻል ነበሩ። በዛሬ መመዘኛ ከዚህ ችሎት መነሣት ነበረባቸው። ትልልቅ መርሖች ንጹሕ በሆነ ታሪክ ውስጥ ብቻ ይወለዳሉ ብሎ የሚጠብቅ ሰው የትም አገር አያገኛቸውም።

ከዚህ በኋላ ፍርድ ቤቱ የኮንግረስን ሕግ ሳይሽር 54 ዓመት ቆየ። በመካከል አንድ ውሳኔ ሲረገጥ ታየ። በ1832 የጆርጂያ ክፍለ ግዛት ሳሙኤል ዉስተር የተባለ ሚስዮናዊን የቼሮኪ ሕዝብ መሬት ላይ ያለ ክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ኖረሃል ብሎ አስሮት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቼሮኪ ሕዝብ የራሱ አስተዳደር ያለው ማኅበረሰብ ነው፤ የጆርጂያ ሕግ እዚያ አይደርስም ሲል ፈረደ። ጆርጂያ አልታዘዘም። ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰንም ውሳኔው እንዲፈጸም የወሰዱት እርምጃ የለም። ዉስተር ከፍርዱ በኋላ ወራት እስር ቤት ቆይቶ በምሕረት ወጣ። ቼሮኪዎች ግን በ1838 በወታደር ተገፍተው ከአገራቸው ወደ ምዕራብ ተነዱ፤ በመንገድ ላይ በብርድ፣ በረኃብና በበሽታ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። የረታው ወገን ነው እንዲህ የጠፋው። ፍርድ ሳይፈጸም ሲቀር ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ይህን ይመልከት።

ሁለተኛው ውድቀት የራሱ የፍርድ ቤቱ ነው። ድሬድ ስኮት በባርነት የተወለደ ሰው ነው። ጌታው ባርነት ወደማይፈቀድበት ግዛት ወስዶት ለዓመታት ኖሮ ስለነበር፣ እሱና ሚስቱ ሃሪየት በ1846 በሴይንት ሉዊስ ከተማ ነፃነታችን ይታወቅልን ብለው ከሰሱ። ክርክሩ 11 ዓመት ፈጀ። ማርች 6 ቀን 1857 ዋና ዳኛ ሮጀር ቶኒ በሰባት ለሁለት ድምፅ የተደገፈውን ውሳኔ አነበቡ። ከአፍሪካ በባርነት የመጡ ሰዎች ልጆች ነፃም ቢወጡ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም፤ ስለዚህ በፌዴራል ፍርድ ቤት የመክሰስ መብት የላቸውም። ኮንግረስም በግዛቶች ውስጥ ባርነትን ሊከለክል አይችልም። ማርሻል የያዙት ሕግ የመሻር ሥልጣን በኮንግረስ ሕግ ላይ ለሁለተኛ ጊዜ የዋለው ለዚህ ነው። ቶኒ የባርነትን ጭቅጭቅ በአንድ ፍርድ የሚዘጉት መስሏቸው ነበር። አራት ዓመት እንዳለፈ የእርስ በርስ ጦርነቱ ፈነዳ። ድሬድ ስኮትን ፍርዱ በተሰጠበት ዓመት አዲሱ ባለቤት ነፃ አውጥቶት ነበር፤ ነገር ግን ከአንድ ዓመት ብዙም ሳይዘል በሳንባ በሽታ ሞተ።

ያን ውሳኔ የሻረው ሌላ ዳኛ አይደለም፤ ጦርነትና የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ነው። በ1868 የጸደቀው አሥራ አራተኛው ማሻሻያ በአሜሪካ ምድር ተወልዶ ለአገሪቱ ሕግ የሚገዛ ሁሉ ዜጋ ነው አለ። የዚህን ቃል ስፋት ያሳየው ደግሞ የቻይናውያን ልጅ የሆነ ወጣት ነው። ዎንግ ኪም አርክ ሳን ፍራንሲስኮ ተወለደ፤ ወላጆቹ ዜጋ እንዳይሆኑ ሕግ ይከለክላቸው ነበር። በ1895 ቻይና ደርሶ ሲመለስ የጉምሩክ ሹሙ ዜጋ አይደለህም ብሎ ከመርከብ እንዳይወርድ ከለከለው። ወደቡ ላይ ከመርከብ ወደ መርከብ እየተዛወረ ለወራት ታሰረ። በ1898 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በስድስት ለሁለት ድምፅ ዜጋ ነው ብሎ ፈረደ። ዛሬ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ በዳላስ፣ በሲያትል ከኢትዮጵያውያን ስደተኞች የሚወለዱ ልጆች አሜሪካዊ ፓስፖርት የሚይዙት በዚህ ሰው ክርክር በኩል ነው። በጃንዋሪ 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ይህን መብት የሚያጠብ ትእዛዝ ሲፈርሙ የታችኛው ፍርድ ቤት ዳኞች በቀናት ውስጥ ያገዱት ይህንኑ የ1898 ውሳኔ ጠቅሰው ነው። እዚያ የምትኖሩ ወገኖቼ የዎንግን ስም ለልጆቻችሁ ንገሯቸው።

ጦርነት ሲመጣ ዳኛም ይፈራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከ110 ሺህ በላይ የጃፓን ዘር ያላቸው ሰዎች ከቤታቸው ተነሥተው በካምፕ ታጎሩ፤ አብዛኞቹ አሜሪካ የተወለዱ ዜጎች ነበሩ። በ1944 ፍርድ ቤቱ በስድስት ለሦስት ድምፅ ከቤት የማስወጣቱን ትእዛዝ ደገፈ። ከተቃወሙት ሦስቱ አንዱ ዳኛ ሮበርት ጃክሰን ነበሩ። ስማቸውን ያዙልኝ፤ ከስምንት ዓመት በኋላ እንደገና እናገኛቸዋለን።

ኤፕሪል 1952። የኮርያ ጦርነት እየተካሄደ ነው፤ የእኛም የቃኘው ሻለቃ ልጆች በዚያው ግንባር ላይ ነበሩ። የአሜሪካ የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች በደመወዝ ጉዳይ ሥራ ሊያቆሙ ቀን ቆርጠዋል። ፕሬዚዳንት ሃሪ ትሩማን ብረት ከተቋረጠ ጥይትም ይቋረጣል ብለው ኤፕሪል 8 ምሽት ፋብሪካዎቹን መንግሥት እንዲረከባቸው አዘዙ። ባለንብረቶቹ ወዲያው ከሰሱ። የመንግሥት ጠበቆች መከራከሪያ ፕሬዚዳንቱ የጦር ጠቅላይ አዛዥ ናቸው፤ አገር ስትጨነቅ የሚያስፈልገውን ሁሉ የማድረግ ሥልጣን አላቸው የሚል ነበር። ይህን ክርክር እኛም እናውቀዋለን፤ የትኛውም መንግሥት ሥልጣኑን ሊያሰፋ ሲነሣ መጀመሪያ የሚያነሣው ይህንኑ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭንቀቱ እውነተኛ ነው፤ ክርክሩን ከባድ የሚያደርገውም ይኸው ነው።

ዘጠኙም ዳኞች በትሩማንና ከእሳቸው በፊት በነበሩት በሩዝቬልት የተሾሙ ነበሩ። አራቱን ያስቀመጧቸው ራሳቸው ትሩማን ናቸው። ጁን 2 ቀን 1952 ፍርድ ቤቱ በስድስት ለሦስት ድምፅ ትእዛዙን ሻረው፤ ትሩማን ከሾሟቸው አራት ዳኞች ሁለቱ ከስድስቱ ጋር ቆሙ። ዋናውን ውሳኔ የጻፉት ሂውጎ ብላክ መልሳቸው አጭር ነው፦ ሕግ ማውጣት የኮንግረስ ነው፤ ኮንግረስ እንዲህ ያለ ንብረት የመያዝ ሥልጣን ለፕሬዚዳንቱ አልሰጠም።

እስከ ዛሬ የሚጠቀሰው ግን ዳኛ ጃክሰን ለብቻቸው የጻፉት የድጋፍ ሐሳብ ነው። የፕሬዚዳንት ሥልጣን ቁመቱ አንድ ዓይነት አይደለም አሉ። ኮንግረስ ፈቅዶለት ሲሠራ ሥልጣኑ ከሁሉ ይበረታል። ኮንግረስ ዝም ባለበት ሲሠራ ድንበሩ ያልለየ ቦታ ላይ ነው። ኮንግረስ የማይፈልገውን ሲሠራ ሥልጣኑ እጅግ ዝቅ ይላል፤ ዳኛም በጥብቅ ሊመረምረው ይገባል። ኮንግረስ ከአምስት ዓመት በፊት የሥራ ማቆም ሕግ ሲያወጣ ፋብሪካ የመውረስ ሐሳብ ቀርቦለት አልተቀበለውም ነበር፤ ስለዚህ ትሩማን የቆሙት በሦስተኛው ቦታ ላይ ነው። እኔ እስካነበብኩት ድረስ ስለ መንግሥት ሥልጣን ከዚህ የጠራ አስተሳሰብ በጥቂት ገጽ ውስጥ አላገኘሁም።

ትሩማን ውሳኔውን አልወደዱትም፤ ግን ፋብሪካዎቹ በዚያው ቀን እንዲመለሱ አደረጉ። ሠራተኞቹ ሥራ አቆሙ፤ አድማው 53 ቀን ዘለቀ። ጦር የሚያዝ ሰው ጦር ለሌላቸው ዳኞች ታዘዘ። ቼሮኪዎች ያጡት ይህንን ነበር።

አሁን ከፕሬዚዳንት ወርደን ወደ እስረኛ እንሂድ፤ ከሁሉ የምወደው ጉዳይ ይህ ነውና ጥቂት ልቆይበት። ጁን 1961፣ ፓናማ ሲቲ በምትባል የፍሎሪዳ ከተማ አንድ የፑል ማጫወቻ ቤት ሌሊት ተሰብሮ ተገኘ። ከሲጋራ መሸጫውና ከሙዚቃ ማጫወቻው ማሽን ሳንቲም፣ ከመደርደሪያውም ጥቂት መጠጥ ጠፍቷል። ክላረንስ ጌዲዮን የተባለ የ50 ዓመት ሰው ተከሰሰ። ጌዲዮን ድሃ ነው፤ ከዚያ በፊትም በስርቆት ተደጋግሞ ታስሯል። ስለ እሱ የሚከራከርለት የሚገኝ ዓይነት ሰው አልነበረም።

ኦገስት 4 ችሎት ሲቀርብ ጠበቃ ይቁምልኝ አለ። ዳኛው አዝናለሁ አልችልም አሉት፤ በፍሎሪዳ ሕግ ነፃ ጠበቃ የሚቆመው በሞት ለሚያስቀጣ ክስ ብቻ ነው። ጌዲዮን ራሱ ምስክሮቹን ጠየቀ፣ ራሱ ተከራከረ። ጥፋተኛ ተባለ፤ አምስት ዓመት ተፈረደበት።

እስር ቤት ሆኖ መስመር ባለው የእስር ቤት ወረቀት ላይ በእርሳስ ለጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጻፈ። ፊደል አጻጻፉ ያልተስተካከለ፣ እጅ ጽሑፉ ግን በጥንቃቄ የተቀረጸ ነው። የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ጠበቃ ለምኜ ተከልክያለሁ፤ ይህ ሕገ መንግሥታዊ መብቴን ይነካል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1942 ተቃራኒውን ወስኖ እንደነበር ጌዲዮን አላወቀም። በዚያ ውሳኔ መሠረት ክፍለ ግዛቶች የተለየ ችግር ለሌለበት ድሃ ተከሳሽ ጠበቃ የማቆም ግዴታ አልነበረባቸውም።

ፍርድ ቤቱ የመክፈል አቅም የሌላቸው ሰዎች የሚልኩለትን ማመልከቻ የሚቀበልበት ልዩ ሥርዓት አለው፤ የዳኝነት አይከፈልበትም፣ የታተመ ግልባጭም አይጠየቅበትም። ሥርዓቱ ባይኖር ያ ወረቀት ዳኞቹ ዘንድ አይደርስም ነበር። ዳኞቹ ጉዳዩን እንደሚያዩት ሲወስኑ በዋሽንግተን ከታወቁት ጠበቆች አንዱ የነበሩትን ኤብ ፎርታስን ያለ ክፍያ እንዲከራከሩለት መደቡ። ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር ሆነ። ፍሎሪዳ ሌሎች ክፍለ ግዛቶች እንዲደግፏት ደብዳቤ ጻፈች። ሁለት ደገፏት፤ 22 ግን ከጌዲዮን ጎን ቆሙ። መንግሥታት «በእኛ ላይ ግዴታ ይጣል» ብለው ለአንድ እስረኛ ሲከራከሩ አስቡት።

ማርች 18 ቀን 1963 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለጌዲዮን ፈረዱ። ውሳኔውን የጻፉት እኒያው ሂውጎ ብላክ ናቸው። በ1942 ይህን ሐሳብ በተቃውሞ ጽፈው ተሸንፈው ነበር፤ 21 ዓመት ጠብቀው የራሳቸውን ተቃውሞ የአገሩ ሕግ አደረጉት። ምክንያታቸው ማንም ተራ ሰው የሚረዳው ነው። መንግሥት ለመክሰስ የተማሩ ዐቃብያነ ሕግ ይቀጥራል፤ ገንዘብ ያለው ተከሳሽ መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ጠበቃ ነው። ስለዚህ ጠበቃ የቅንጦት ነገር አይደለም፤ ያለ እሱ ድሃ ሰው ትክክለኛ ፍርድ አያገኝም።

ጌዲዮን ነፃ አልወጣም ገና፤ ያገኘው እንደገና የመዳኘት መብት ነው። ኦገስት 5 ቀን 1963 በዚያው ከተማ፣ በዚያው ዳኛ ፊት ቀረበ። በዚህ ጊዜ አካባቢውን የሚያውቅ ጠበቃ አብሮት ነበር። ጠበቃው ዋናውን የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሌሊቱን እዚያ ምን ትሠራ ነበር እያለ በጥያቄ አጣበበው፤ ጌዲዮን ብቻውን በነበረ ጊዜ እንዲህ አጥብቆ መጠየቅ አልቻለበትም። ፍርድ ሰጪዎቹ ዜጎች አንድ ሰዓት ያህል ተመካክረው ጥፋተኛ አይደለም አሉ። ሰውየው ያው ነው፤ ክሱ ያው ነው፤ ዳኛው ያው ናቸው። የተለወጠው አጠገቡ የቆመው ጠበቃ ብቻ ነው። በፍሎሪዳ ያለ ጠበቃ የተፈረደባቸው ወደ 2 ሺህ የሚጠጉ እስረኞች በዚሁ ምክንያት ተፈቱ።

ወደ ቤተ መንግሥት እንመለስ። በ1972 የፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን የምርጫ ዘመቻ ሰዎች ዋተርጌት በተባለው ሕንጻ የተቃዋሚውን ፓርቲ ቢሮ ሰብረው ሲገቡ ተያዙ። በቀጣዩ ዓመት ኒክሰን በቢሮአቸው የሚነገረውን ሁሉ በቴፕ እንደሚያስቀዱ ታወቀ። ልዩ ዐቃቤ ሕጉ የ64 ውይይቶችን ቅጂ ጠየቁ። ኒክሰን የፕሬዚዳንት ምክክር ምስጢር ነው፤ ምስጢር መሆኑን የምወስነውም እኔ ነኝ አሉ። ጁላይ 24 ቀን 1974 ፍርድ ቤቱ በስምንት ለዜሮ ፈረደባቸው፤ አንዱ ዳኛ በኒክሰን መንግሥት ውስጥ ሠርተው ስለነበር ከችሎቱ ተነሥተዋል። ውሳኔውን የጻፉት ኒክሰን ራሳቸው የሾሟቸው ዋና ዳኛ ዋረን በርገር ናቸው። ምስጢር የመጠበቅ መብት አለ፤ ለወንጀል ክርክር የሚያስፈልግ ማስረጃን ግን ሊያስቀር አይችልም ብለው ጻፉ። ኒክሰን ቅጂዎቹን አስረከቡ። ከፍርዱ በኋላ በ16ኛው ቀን፣ ኦገስት 9፣ ከሥልጣን ወረዱ።

በዚያው ዓመት እኛም ዘንድ መንግሥት ወርዷል። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ከዙፋናቸው ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎች፣ ሚኒስትሮችና ጄኔራሎች የነበሩባቸው፣ ያለ ፍርድ ተረሸኑ። ብዙዎቹ ሊጠየቁበት የሚገባ ጉዳይ ኖሯቸው ይሆናል። አንዳቸውም ግን ዳኛ ፊት አልቆሙም። ያን ሌሊት ዝም ያለ ሕዝብ ከጥቂት ዓመት በኋላ ልጆቹን በቀይ ሽብር ገበረ። ይህ አሁንም ያንገበግበኛል።

የቀይ ሽብሩ አንድ ክር እንደገና ወደ አሜሪካ ችሎት ይወስደናል። በ1990 አትላንታ ውስጥ ሆቴል የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት በአዲስ አበባ የከፍተኛ 9 ሊቀ መንበር ሆኖ ያሰቃያትን ሰው እዚያው ሆቴል ሲሠራ አየችው። እሷና በእሱ እጅ ያለፉ ሌሎች ሁለት ሴቶች ከሰሱት። በ1993 ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 500 ሺህ ዶላር ካሳ ፈረደላቸው፤ የይግባኝ ፍርድ ቤቱም በ1996 አጸናው። የተጠቀሙበት ሕግ የውጭ አገር ሰው ለደረሰበት በደል በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲከስስ የሚፈቅደው ነው። ይህ ሕግ ያ ማርሻል አንቀጽ 13ን የሻሩበት የ1789ኙ የፍርድ ቤቶች ሕግ አንቀጽ 9 ነው። አንዱ አንቀጽ ሲወድቅ ሌላው 200 ዓመት ጠብቆ ለሦስት ኢትዮጵያውያን ሴቶች ደረሰ። ሰውየው በኋላ ወደ ኢትዮጵያ ተባርሮ በሌለበት የተፈረደበትን የዕድሜ ልክ እስራት እንዲፈጽም ተደርጓል።

በአገራችን ሥርዓቱ ሌላ ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 83 መሠረት የሕገ መንግሥት ክርክርን የሚወስነው የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ ጉዳዩን አጥንቶ የውሳኔ ሐሳብ የሚያቀርብለት 11 አባላት ያሉት አጣሪ ጉባኤ ነው። የጉባኤው ሰብሳቢ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ናቸው፤ የመጨረሻው ቃል ግን የፖለቲካ ምክር ቤት ነው። እንዲህ የሆነው ሕገ መንግሥቱ የብሔር፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቃል ኪዳን ነው፤ ትርጉሙም የእነሱ ነው በሚል ነው። እኔ የመጨረሻው ቃል የዳኛ ቢሆን እመርጣለሁ፤ በራሱ ሥልጣን ላይ የሚፈርድ ምክር ቤት ለራሱ ማድላቱ አይቀርም። ነገር ግን በግንቦት 2012 ምርጫው በኮሮና ምክንያት ሲራዘም አጣሪ ጉባኤው የሕግ ምሁራንን ክርክር በቴሌቪዥን በቀጥታ ማሰማቱን በበጎ አነሣዋለሁ። በሰኔ በተሰጠው ውሳኔ የተስማማም ያልተስማማም አንቀጽ 54፣ 58፣ 93 እያለ በየቤቱ ሲከራከር ሰምቻለሁ። ያ ክርክር በአንድ ሰሞን ሊያበቃ አይገባውም ነበር።

የጌዲዮን መብት ደግሞ በእኛ ሕገ መንግሥት ውስጥ ተጽፎ አለ። አንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 5፣ ጠበቃ የመቅጠር አቅም የሌለው ተከሳሽ ፍትሕ ሊጓደልበት በሚችልበት ጊዜ መንግሥት ጠበቃ እንዲያቆምለት ያዛል። ይህን ሥራ የያዙት የተከላካይ ጠበቆች ጥቂት ናቸው፤ አንዱ የሚይዘው መዝገብ ከአቅሙ በላይ ነው። ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ለዐቃቤ ሕግ የሚመደበውንና ለተከላካይ ጠበቃ የሚመደበውን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚጠይቅ ተመራጭ ያስፈልገናል።

ለእናንተም የምለው አለኝ። ከአዋጅ ቁጥር 454/1997 ወዲህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰበር ሰሚ ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ሁሉ ያስገድዳል፤ ውሳኔዎቹም በቅጽ በቅጽ እየታተሙ ይወጣሉ። የተጻፉት በአማርኛ ነው። የቤት፣ የውርስ፣ የልጅ አስተዳደግ፣ የሥራ ስንብት ክርክር ሁሉ አለበት። አንዱን ቅጽ አውጡና ከሕይወታችሁ ጋር የሚገናኝ አንድ ውሳኔ ከመጀመሪያው ቃል እስከ ዳኞቹ ፊርማ አንብቡ፤ የተቃወመ ዳኛ ካለም የእሱን ሐሳብ አትዝለሉ። ችሎት የሚሰማው በግልጽ ነውና አንድ ቀን ጠዋት ሄዳችሁ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አዳምጡ። የተከሰሰ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ ችሎት ሲቀርብ የሚናገረውን አስጠኑት፦ «ክቡር ፍርድ ቤት፣ ጠበቃ የማቆም አቅም የለኝም፤ በአንቀጽ 20 ንኡስ አንቀጽ 5 መሠረት ጠበቃ እንዲቆምልኝ አመለክታለሁ፤ ይህም በመዝገቡ ላይ ይጻፍልኝ።»